ዳይሬክትኤክስ 11 እና 12፦ ቁጥሩ ሲጨምር ምስሉ ለምን አላማረም?

ጥያቄ፦ «ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ሱቅ ተከራይቼ ትንሽ ጌም ቤት ከፍቻለሁ። ያሉኝ አራት ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ናቸው። ሁሉም ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ባለ 8 ጊጋባይት አንድ ፍሬ ራም አላቸው። ሦስቱ ላይ ባለ 6 ጊጋባይት፣ አንዱ ላይ ባለ 3 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ ገጥሜያለሁ። ካርዶቹን የሸጠልኝ ሰው ‹ዳይሬክትኤክስ 12 ይደግፋሉ› ብሎኝ ነበር። ነገር ግን በ11 እና በ12 መካከል በሚያስመርጡ ጨዋታዎች ላይ 12ን ስመርጥ ምስሉ ምንም አይለወጥም፤ እንዲያውም ይቆራረጣል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ይብሳል። አሁን ሻጩ ‹የአንተ 12 እንጂ 12 አልቲሜት አይደለም፤ አራቱንም በአርቲኤክስ 3060 ቀይር› ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹አልቲሜቱን ከኢንተርኔት አውርደህ ጫን› ይላል። ማታ ማታ መብራት ሲዋዥቅ አንዱ ኮምፒውተር በራሱ ይጠፋል። ተታልያለሁ? ልቀይር ወይስ ልጫን?»

መልስ፦ አልተታለሉም። አራቱንም መቀየር የለብዎትም፤ ከኢንተርኔት የሚጫን ነገርም የለም። ጂቲኤክስ 1060 በእርግጥ ዳይሬክትኤክስ 12ን ይደግፋል። ስህተቱ ያለው ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ላይ ነው። ብዙ ሰው 12 ሲባል «ከ11 የተሻለ ምስል» ብሎ ይረዳዋል፤ ሻጮችም ይህን አያርሙም፤ ምክንያቱም ያሻሽጥላቸዋል። አንድ ጨዋታ ያንኑ ሥዕል፣ ያንኑ ጥላና ያንኑ ብርሃን በ11 ቢሠራው በ12 ቢሠራው ስክሪኑ ላይ የሚወጣው አንድ ነው። ስለዚህ ዓይንዎ አልሳተም፤ ልዩነት ያላዩት ልዩነት ስለሌለ ነው።

ዳይሬክትኤክስ ጨዋታው ግራፊክስ ካርዱን የሚያዝበት፣ ማይክሮሶፍት ያወጣው የጋራ ቋንቋ ነው። የመጀመሪያው በ1995 ወጣ። ዘጠነኛው በ2002፣ አሥረኛው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በ2006፣ አሥራ አንደኛው ከዊንዶውስ 7 ጋር በ2009፣ አሥራ ሁለተኛው ከዊንዶውስ 10 ጋር በ2015 ተከተሉ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እስከ 11 ድረስ እያንዳንዱ አዲስ ቁጥር ዓይን የሚያየው ነገር ይዞ ይመጣ ነበር። በ9 ዘመን የውኃ ነጸብራቅና የብረት ማብረቅረቅ ከቀድሞው እጅግ ተሻሻለ። በ11 ደግሞ ጠፍጣፋ የነበረ የድንጋይ ግድግዳ ቴሰሌሽን በሚባለው ዘዴ እውነተኛ ጉድጓድና እብጠት አገኘ። ሰው ቁጥሩን የውበት ደረጃ አድርጎ ማየት የለመደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልማዱም ለብዙ ዓመታት ትክክል ነበር። 12 ላይ ሲደረስ ግን አቅጣጫው ተለወጠ። የ2015ቱ ለውጥ ዋና ዓላማ ሥራው በማን ትከሻ ላይ ይውደቅ የሚለውን መቀየር ነበር።

ቤት ያሠራ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ቤቱን ለተቋራጭ ሰጥቶ ማሠራት ይቻላል፤ ሲሚንቶውን ራስ እየገዙ፣ ግንበኛውን ራስ እየቀጠሩ፣ ቆሞ ማሠራትም ይቻላል። በ11 ተቋራጩ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው የአምራቹ ሶፍትዌር ነው። የትኛው ሥዕል በካርዱ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጥ፣ የትኛው ይውጣ፣ የትኛው ሥራ የትኛውን ይጠብቅ የሚለውን ጨዋታው ሳይጠየቅ ድራይቨሩ ይወስናል። 12 ተቋራጩን አሰናብቶ ኃላፊነቱን ለጨዋታው ሠሪ አስረከበ። ሠሪው ሥራውን ካወቀበት ብዙ ብክነት ይቀራል። ካላወቀበት፣ ወይም 11ን ለለመደ ጨዋታ 12ን በችኮላ ከለጠፈበት፣ ውጤቱ ከቀድሞው የባሰ ይሆናል። «12 ፈጣን ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው ጥያቄ አንድ አጠቃላይ መልስ የሌለው ለዚህ ነው፤ መልሱ ጨዋታ በጨዋታ ይለያያል።

የ12 ትልቁ ጥቅም ያለው የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ በሆነው ፕሮሰሰር ላይ ነው። በ11 የሥዕል ትእዛዞችን የማሰናዳቱ ሥራ በአብዛኛው በአንድ ኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ አንድ የሥራ ክፍል ላይ ይከማቻል፤ በ12 ብዙ ኮሮች ሥራውን ተከፋፍለው በአንድ ጊዜ ያሰናዳሉ። ስለዚህ 12 የሚያተርፈው ካርዱ ጠንካራ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ሲያስጠብቀው፣ ፕሮሰሰሩም ሥራ የሚያካፍላቸው ብዙ ኮሮች ሲኖሩት ነው። እርስዎ ጋር ያለው አይ5 አራት ኮር ብቻ ነው፤ ከባድ ጨዋታ ሲከፈት ደግሞ መጀመሪያ የሚደክመው ካርዱ ነው። በዚያ ላይ የካርድዎ አምራች የኤንቪዲያ የ11 ድራይቨር ለዓመታት ተጠርቦ የበሰለ ስለሆነ በጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ካርዶች ላይ 12 ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ነገር የለም፤ አንዳንዴም ይቀንሳል። የተፎካካሪው የኤኤምዲ አርኤክስ 580 ካርድ ያለው ሰው የተለየ ነገር ሊያይ ይችላል፤ በዚያ ዘመን የኤኤምዲ የ11 ድራይቨር ደካማ ስለነበር ከ12 የሚያገኘው ጥቅም ይበልጥ ነበር። ጎረቤትዎ «እኔ ጋ 12 ይሻላል» ቢልዎ ሁለታችሁም እውነታችሁን ሊሆን ይችላል።

ወደ መቆራረጡ እንምጣ። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ምስል ያሳያል እንበል። አንዱ ምስል ተሠርቶ ለማለቅ ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ተጫዋቹ በር ከፍቶ አዲስ ክፍል ይገባል፤ ክፍሉ ውስጥ እስካሁን ያልታየ እሳት አለ፤ የእሳቱ ነጸብራቅ እርጥብ ወለል ላይ ያርፋል። ያንን ነጸብራቅ የሚሥለው ሼደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ይህ ፕሮግራም ከመሥራቱ በፊት ለእርስዎ ካርድ በሚስማማ መልክ መዘጋጀት አለበት፤ የሚያዘጋጀውም ፕሮሰሰሩ ነው። ዝግጅቱ 100 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ስድስት ምስሎች በሰዓታቸው ሳይደርሱ ይቀራሉ። ስክሪኑ ቀጥ ይልና ይዘልላል፤ ልጁም ጠረጴዛውን ይመታል። በ11 ይህ ዝግጅት በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ የሚካሄድ ሲሆን ድራይቨሩም ጉድለቱን የሚሸፍንባቸው ብዙ ዘዴዎች አሉት። በ12 ግን ሼደሮቹ ከሥዕሉ ሁኔታ ሁሉ ጋር በአንድ ጥቅል ተሰናድተው መቅረብ አለባቸው፤ ጥቅሎቹ ደግሞ በሺዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ። ጥሩ ጨዋታ ይህን ሁሉ መጀመሪያ ሲከፈት ይጨርሰዋል፤ «ሼደር በመዘጋጀት ላይ» የሚለው ረጅም መስመር እሱ ነው። ያልታሰበበት ጨዋታ ግን መሐል ሜዳ ላይ ያዘጋጃል። የምስሉን አማካይ ፍጥነት ብቻ የሚያሳይ ቁጥር ይህን ችግር አይነግርዎትም፤ አማካዩ 70 ሆኖም ጨዋታው ሊንገጫገጭ ይችላል።

«ጠዋት ጠዋት ይብሳል» ያሉት ለእኔ ትልቁ ፍንጭ ነው። አንድ ጊዜ የተዘጋጀ ሼደር ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ በሚቀጥለው ቀን ድጋሚ መዘጋጀት አልነበረበትም። በየጠዋቱ እንደ አዲስ የሚጀምር ከሆነ የሆነ ነገር እየሰረዘው ነው። ጌም ቤቶችና ኢንተርኔት ካፌዎች ደንበኛ የሚያበላሸውን ለማስቀረት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ዲስኩን ወደነበረበት የሚመልስ ፕሮግራም ይጭናሉ። እርስዎም ጭነው ከሆነ ያ ፕሮግራም ከቫይረሱ ጋር የሼደሩን ክምችትም በየቀኑ ይጠርገዋል። መፍትሔው ፕሮግራሙን መጣል አይደለም። ጥበቃውን ለጊዜው ያንሱት፤ እያንዳንዱን ጨዋታ ከፍተው ዝግጅቱን እስኪጨርስ ይጠብቁት፤ ጥቂት ደቂቃ በየቦታው ተዘዋውረው ይጫወቱ፤ ከዚያ ጥበቃውን ይመልሱ። ድራይቨሩ ወይም ጨዋታው በታደሰ ቁጥር ክምችቱ እንደገና ስለሚሠራ ይህንን መድገም ያስፈልጋል። ይህ ምንም ብር አያስወጣዎትም፤ ከአዲስ ካርድ ይልቅ ይህ የሚያመጣውን ለውጥ ደንበኞችዎ ቀድመው ያዩታል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ሜሞሪ ነው። ባለ 3 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 1060 ከባለ 6ቱ የሚለየው በሜሞሪ ብቻ አይደለም፤ ባለ 6ቱ 1280 የስሌት ኮሮች ሲኖሩት ባለ 3ቱ ያለው 1152 ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የተለየ ካርድ ነው ብለው ይቁጠሩት። በ11 የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላ ድራይቨሩ እያወጣ እያስገባ ያቻችለዋል። በ12 ማቻቻሉ የጨዋታው ኃላፊነት ስለሆነ ብዙ ጨዋታዎች በ12 ተጨማሪ ሜሞሪ ይይዛሉ፤ ሲሞላባቸውም ክፉኛ ይደናገራሉ። የተረፈው ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይፈስሳል። እዚህ ላይ የፍጥነቱ ልዩነት ከባድ ነው፦ ካርዱ ከራሱ ሜሞሪ በሰከንድ 192 ጊጋባይት ያነብባል፤ በማዘርቦርዱ መስመር በኩል ከራም የሚደርሰው ግን ቢበዛ 16 ጊጋባይት ያህል ነው። በዚያ ላይ እርስዎ ያለዎት አንድ ፍሬ ራም ነው። 2133 ፍጥነት ያለው አንድ ፍሬ ዲዲአር4 ራም በሰከንድ 17 ጊጋባይት ያህል ይሰጣል፤ ሁለት ፍሬ ሲሆን 34 ይደርሳል። ፕሮሰሰሩም ካርዱም ከዚያችው ጠባብ መስመር ይሻማሉ። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ዓይነት ሌላ 8 ጊጋባይት ቢጨምሩ መጠኑም ፍጥነቱም በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ራሙን ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 ያረጋግጡ፤ በዚያ ትውልድ ማሽኖች ላይ ሁለቱም ያጋጥማሉ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

«12 አልቲሜት» የሚለውን ልመልስ። ስሙ በመጋቢት 2020 የታወጀ ሲሆን አራት ችሎታዎችን በአንድ ጥላ ሥር የሰበሰበ ነው። የመጀመሪያው ሬይ ትሬሲንግ፣ ማለትም ብርሃን ከምንጩ ወጥቶ እየነጠረ የሚሄድበትን መንገድ አስልቶ ጥላና ነጸብራቅ መሥራት ነው። ሁለተኛው ሜሽ ሼደር፣ ማለትም የነገሮችን ቅርጽ በአዲስና ቀልጣፋ መንገድ ማዘጋጀት ነው። የቀሩት ሁለቱ ዓይን በማያተኩርበት ቦታ ላይ ሥራ የሚቆጥቡና የትኛው የሥዕል ክፍል በእርግጥ እንደሚያስፈልግ የሚመዘግቡ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በካርዱ ቺፕ ውስጥ የተሠሩ ችሎታዎች ናቸው። ከኤንቪዲያ በ2018 ከመጣው አርቲኤክስ 20 ጀምሮ፣ ከኤኤምዲ በ2020 ከመጣው አርኤክስ 6000 ጀምሮ አሉ። ጂቲኤክስ 1060 ደግሞ የ2016 ካርድ ነው፤ ቺፑ ላይ ያልተሠራውን ነገር ማንም በፋይል ሊያመጣለት አይችልም። ዳይሬክትኤክስ 12 ራሱም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ እንጂ ተለይቶ የሚወርድ አይደለም። ማይክሮሶፍት የሚያቀርበው የዳይሬክትኤክስ መጫኛ አለ፤ ግን ለድሮ ጨዋታዎች የሚያስፈልጉ እስከ 2010 የተዘጋጁ ፋይሎችን ብቻ የያዘ ነው። ከዚያ ውጭ «12 አልቲሜት በነጻ» የሚል ነገር ካገኙ አይንኩት። የደንበኛ የይለፍ ቃል በሚጻፍበት ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ዓይነት ፋይል መጫን ለሌባ በር መክፈት ነው።

ካርድዎ ምን እንደሚችል በራስዎ ማየት ይችላሉ። የዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ በላቲን ፊደል ዲ፣ ኤክስ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤ፣ ጂ ብለው ጽፈው የሚመጣውን ፕሮግራም ይክፈቱ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ዳይሬክትኤክስ 12» የሚለው ስለ ዊንዶውሱ እንጂ ስለ ካርዱ አይናገርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ዲስፕሌይ» ወደሚለው ገጽ ሄደው «ፊቸር ሌቭልስ» የሚለውን መስመር ይመልከቱ። ጂቲኤክስ 1060 ላይ ትልቁ 12_1 ነው። አልቲሜት የሚባለው 12_2 ነው። ከሁሉም የሚገርመው በ2010 አካባቢ የተሠሩ የኤንቪዲያ ካርዶችም በድራይቨር ዳይሬክትኤክስ 12ን እንዲናገሩ ተደርገዋል፤ ትልቁ ደረጃቸው ግን 11_0 ነው። እንግዲህ «12 ይደግፋል» የሚል ወረቀት ያን ያህል ትንሽ ነገር ነው የሚናገረው።

አሮጌና አዲስ ጎን ለጎን ማየት ከፈለጉ ዊቸር 3 የተባለው ጨዋታ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2015 ሲወጣ በ11 ነበር። በታኅሣሥ 2022 በታደሰው ቅጂ ሲከፈት 11 ወይስ 12 ብሎ ይጠይቃል፤ ሬይ ትሬሲንጉ ያለው በ12 በኩል ብቻ ነው። ያንን መክፈት ለማይችል ካርድ 12ን መምረጥ ሸክሙን ተቀብሎ ጥቅሙን መተው ነው። በ2019 ኤንቪዲያ ባለ 6 ጊጋባይቱ 1060 ሬይ ትሬሲንግን በተራ ኮሮቹ እንዲሞክር የሚያስችል ድራይቨር አውጥቷል፤ ነገር ግን ይዘገያል፤ ለደንበኛ የሚሰጥ አይደለም። በሌላ በኩል ካውንተር ስትራይክ 2 በ2023 የወጣ ሆኖ በዊንዶውስ ላይ በመደበኛነት የሚሠራው በ11 ነው። አዲስ ጨዋታ ሁሉ 12 ነው የሚለው አባባልም ልክ አይደለም። ጂቲኤ 5ም ሁለት መልክ አለው፦ የ2015ቱ በ11 የሚሠራው አለ፤ በመጋቢት 2025 የመጣው የተሻሻለው ቅጂ ደግሞ 12ንና ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ይጠይቃል። በእርስዎ ማሽኖች ላይ የቀድሞውን ያስኬዱ።

በኳስ ጨዋታ በኩል ግን ምርጫ የለዎትም። ከፊፋ 23 ጀምሮ የኮምፒውተሩ ቅጂ ወደ አዲሱ ትውልድ ስለተሸጋገረ 12 ግዴታ ነው። በዝቅተኛነት የተጠየቀው ካርድ ባለ 4 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው፤ ባለ 6 ጊጋባይቶቹ ካርዶችዎ ይህን በደንብ ያልፋሉ፤ ባለ 3ቱ ግን በሜሞሪ ይጎድላል። እሱን ለካውንተር ስትራይክና ለቆዩ ጨዋታዎች ይመድቡት።

የ1060 ዘመን እያለፈ መሆኑን አልደብቅዎትም። በ2023 የወጣው አላን ዌክ 2 ለሜሽ ሼደር የተሠራ በመሆኑ የጂቲኤክስ 10 ካርዶችን ክፉኛ አስጨንቋል። በ2024 መጨረሻ የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታና በ2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ሬይ ትሬሲንግ የተሠራለት ካርድ ይፈልጋሉ። ኤንቪዲያም ለእነዚህ ካርዶች ለአዳዲስ ጨዋታ የሚያወጣውን ድራይቨር በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ የደህንነት ማስተካከያ ግን እስከ ጥቅምት 2028 ይቀጥላል። ካርዱ ነገ ሥራ አያቆምም፤ ከእንግዲህ የሚወጣ ከባድ ጨዋታ ግን ለእሱ ተብሎ አይስተካከልም። ደንበኞችዎ በየቀኑ የሚከፍሉበት ኳስና ካውንተር ስትራይክ እስከሆነ ድረስ ይህ ዛሬ ብር የሚያስወጣ ምክንያት አይደለም።

አርቲኤክስ 3060 መጥፎ ካርድ አይደለም። ሻጩ ያልነገረዎት ካርዱ ብቻውን የማይገባ መሆኑን ነው። 1060 የሚወስደው 120 ዋት ሲሆን 3060 የሚወስደው 170 ዋት ነው፤ አምራቹም ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ይመክራል። ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ከዚያ ግማሽ እንኳን በማይደርስ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ የካርድ ገመድም አይኖራቸውም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ዛሬውኑ እንዲያዩ እጠይቅዎታለሁ። ክዳኑን ይክፈቱና ወደ 1060 የሚሄደውን ገመድ ይከተሉ። ገመዱ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የማይመጣ፣ ይልቁንም የሃርድ ዲስክ ገመድ ላይ በአነስተኛ ማያያዣ የተቀጠለ ከሆነ ያንን ማሽን ያጥፉት። የሳታ ዲስክ ማያያዣ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ነው፤ የካርዱ ባለ ስድስት እግር ማያያዣ ደግሞ እስከ 75 ዋት እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ከዚያም አልፎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከላይ ሰው የሚኖርበት ሕንጻ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

ማታ በራሱ የሚጠፋው ኮምፒውተርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ምሽት ላይ ጎረቤት ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ የመስመሩም ቮልቴጅ ይወርዳል። ቮልቴጁ ሲወርድ ፓወር ሰፕላዩ ያንኑ ኃይል ለመስጠት ብዙ ከረንት ይስባል፤ ጫፉ ላይ ያለ አነስተኛ ፓወር ሰፕላይ ያን ጊዜ እጅ ይሰጣል። የበለጠ ኃይል የሚበላ ካርድ ቢጨምሩበት ችግሩ ይብሳል። መጀመሪያ የሚገባው ስታቢላይዘር ነው፤ የአራቱንም ኮምፒውተርና የስክሪኖቹን ዋት ደምረው ከዚያ በእጅጉ ከፍ ያለውን ይግዙ። አራቱንም በአንድ ዲቫይደር ላይ አይሰኩ።

አቧራውም ድርሻ አለው። ገና አስፋልት ያልለበሰ መንገድ አጠገብ ያለ ምድር ቤት ሱቅ ውስጥ የካርድ ማራገቢያ ቶሎ ይደፈናል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ አገር አየሩ በአምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። 1060 ሙቀቱ 83 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ካርዶቹን በየጊዜው በአየር ያጽዱ፤ የደረቀውን የሙቀት ቅባት ያስቀይሩ።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ምርጫ በሚሰጡ ጨዋታዎች ሁሉ 11ን ይምረጡ። የገመዱን ጉዳይ ዛሬ፣ የሼደሩን በዚህ ሳምንት ያስተካክሉ። ከዚያ ስታቢላይዘር፣ ቀጥሎ ራም ይግዙ፤ ጨዋታዎቹ በሃርድ ዲስክ ላይ ከሆኑ ኤስኤስዲም ይጨምሩ። ከባድ ጨዋታ ላይ ኤፍኤስአር የሚል አማራጭ ካለ ያብሩት፤ ምስሉን በትንሹ ሠርቶ ከፍ አድርጎ የሚያሳይ የኤኤምዲ ዘዴ ነው፤ ሁለተኛው ትውልዱ በ1060ም ይሠራል፤ ምስሉ ትንሽ ቢለሰልስም ፍጥነቱ ይካካሳል።

ካርድ መግዛት የሚገባዎት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባለ 3 ጊጋባይቱን ለመተካት፣ ደንበኞችዎ 12_2 የሚፈልግ ጨዋታ መጠየቅ ሲጀምሩ። ያን ጊዜ ከ8 ጊጋባይት በታች አይግዙ። ጂቲኤክስ 1650 እና 1660 ከ1060 በኋላ ቢመጡም 12_2 አይደርሱምና ይለፏቸው። 132 ዋት ብቻ የሚወስደው ባለ 8 ጊጋባይት አርኤክስ 6600 ለእርስዎ ዓይነት ማሽን ከ3060 ይልቅ ይስማማል፤ እሱም ቢሆን ጥሩ ባለ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይፈልጋል። አንዳንድ የቢሮ ማሽኖች ማያያዣቸው የራሳቸው ብቻ ስለሆነ ተራ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምባቸውም፤ አስቀድመው ያስዩት። የኢንቴል አርክ ካርዶች በስድስተኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ አቅማቸውን ስለማያወጡ ለእርስዎ አይሆኑም። 3060 ለመግዛት ከወሰኑም ባለ 12 ጊጋባይቱ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በዚያው ስም የሚሸጥ ደካማ ባለ 8 ጊጋባይት አለ።

ያገለገለ ካርድ ሲገዙ ሳጥኑን አይመኑ። በአሮጌ ቺፕ ላይ የአዲስ ካርድ ስም ተጭኖባቸው የሚሸጡ ሐሰተኛ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ በብዛት ታይተዋል፤ በተለይ በጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና 1060 ስም። ካርዱ ላይ ሰማያዊው የቪጂኤ መሰኪያ ካለ ይጠርጥሩ፤ የጂቲኤክስ 10 ቺፖች ያንን ዓይነት ምልክት አያወጡም። ካርዱን ሱቁ ውስጥ አስገጥመው ቅድም ያልኩዎትን «ፊቸር ሌቭልስ» የሚለውን መስመር ይመልከቱ፤ 12_2 ነው የተባለው 11_0 ካሳየ እዚያው ይተውት። ትክክለኛውን ካሳየ ደግሞ ከባድ ጨዋታ ከፍተው ግማሽ ሰዓት ያህል ያሠሩት፤ ስክሪኑ ላይ የተበታተኑ ነጠብጣቦች ወይም ባለ ቀለም መስመሮች ከታዩ የካርዱ ሜሞሪ ታሟል ማለት ነው። ሻጩ ይህን ሁሉ ለማስፈተሽ ፈቃደኛ ካልሆነ ብርዎን ይዘው ይውጡ።